ድምፁ የተቀነሰው ፕላዝማ

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝቶ መጣ። ዕድሜ ይስጠው፣ ለእኔ ብሎ ነው፤ "አክስቴ፣ ከግድግዳ ጋር ከምታወሪ" እያለ ያሾፍብኛል። ካርቶኑን ሳሎን መሐል አስቀምጦ በቢላዋ ሲከፍተው ነጩ ፎም እየተንጫጫ ወጣ፤ ከፎሙ ጋር ያ ሽታ ወጣ። አዲስ ፕላስቲክ፣ አዲስ ሽቦ፣ ጥቂት የሙጫ ነገር። ስም የለውም። ወንበሬን ትቼ በረንዳ ወጣሁ። ልጁ "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" ብሎ ተከተለኝ። "አይ፣ አቧራው ነው" አልኩት። ቦንጋ በሐምሌ አቧራ ከየት ታመጣለች? ማዶ ያለው ጫካ በጉም ተሸፍኗል፣ ከጣሪያው ጠርዝ ውሃው ይወርዳል፣ እኔ አቧራ ነው እላለሁ። ልጁ ግን ጨዋ ነውና ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ያ ሽታ መጀመሪያ አፍንጫዬ የገባው ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። ዓመቱን በትክክል ተናገሪ ብትሉኝ እሳሳታለሁ። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ይጠጣ ነበር። አባቴ ገበያው ዳር ባለችው ሱቁ ለተማሪ ዩኒፎርም የሚሆን ሰማያዊ ቴትሮን በሜትር እየለካ ይሸጥ ነበር። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ቦንጋ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ አደግኩ፣ እዚሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። ሴት መምህራን ያኔ ጉልበት የሚሸፍን ጉርድ፣ ከላይ ትከሻው ሰፋ ያለ ጃኬት እንለብሳለን። ጭቃው ለማንም አያዝንምና በቡትስ ጫማ ሄደን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ በእጃችን የያዝነውን ጫማ እንቀይራለን። ተማሪው በኮንጎ ጫማ ነው፤ ከጭቃው ሲወጣ እግሩን ደጅ ባለው ቦኖ ታጥቦ ክፍል ይገባል። መናኸሪያው አጠገብ የነበረው ካሴት ቤት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ዘፈን እየደጋገመ ይለቀው ነበር። ዘፈኑን ዛሬም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ላዜምላችሁ እችላለሁ፣ የዘፋኙ ስም ግን ጠፍቶብኛል። ካሴት ቤቱ አሁን የሞባይል መጠገኛ ሆኗል፣ ዘፈኑም እንደድሮው አይጮኽም፤ ልጆቹ ጆሯቸው ውስጥ ወትፈውት ለየራሳቸው ይሰማሉ።

የአዲስ አበባን ትምህርት የሚያሳዩት ፕላዝማ ቴሌቪዥኖች በአይሱዙ ተጭነው ከጅማ መጡ፤ ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወስደውን ቁልቁለት ወርደው፣ ዳገቱን ወጥተው። ትምህርት ቤታችንን በስም አልጠራውም፣ ስሙን ለራሴ ልያዘው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ተማሪው በሙሉ ከክፍል ወጥቶ ሹራቡን እያወለቀ ካርቶኖቹን አለበሰ፤ እሱ በስብሶ ካርቶኑ ሳይረጥብ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ። በማግስቱ አንድ ባለሥልጣን ሜዳው ላይ ሰብስቦን ንግግር አደረገ። ንግግሩ ረጅም ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ትዝ ይለኛል፤ "ከዛሬ ጀምሮ የከፋ ልጅና የአዲስ አበባ ልጅ አንድ አስተማሪ አላቸው" አለ። አጨበጨብን። እኔ እንዲያውም እንባ ተናነቀኝ። የምነግራችሁን ሰምታችሁ ከመጀመሪያውም አላመነችበትም እንዳትሉ። እንግሊዝኛን የተማርኩት ተናጋሪዎቹ ሲያወሩት ሰምቶ ከማያውቅ አስተማሪ ነው፣ እሱም እንደዚያው። ተማሪዎቼ ከእኔ አጠራር ሊድኑ ነው ብዬ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር።

የፕላዝማ አስተባባሪ ተብዬ ተመደብኩ። ስክሪኖቹ በየክፍሉ በብረት ሳጥን ውስጥ ገቡ፣ ሪሞቶቹ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ተቆለፉ፣ የመሳቢያውን ቁልፍ በክር አድርጌ አንገቴ ላይ አሰርኩት። ጋሽ ወልዴ ሲያዩኝ "አንቺ ልጅ፣ ማተብሽ ከበደ" ብለው ሳቁብኝ።

ጋሽ ወልዴ የምንላቸው መምህር ወልደሚካኤል ናቸው፤ የሒሳብ አስተማሪ። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ይበልጣሉ። የተወለዱት ከዋጫ ወዲያ ባለ መንደር፣ እንሰት መሐል ነው። በጋ ከክረምት የማይለዩት አንድ ቡናማ ኮት ነበራቸው፤ የደረት ኪሱ ከጠመኔ ብዛት ነጥቷል። ማስተማር በጀመርኩበት ሳምንት ክፍሉ ረብሾብኝ መምህራን ማረፊያ ገብቼ ሳለቅስ ያገኙኝ እሳቸው ናቸው። "ምን አደረጉሽ?" አሉኝ። "ሳቁብኝ።" "ይሳቁ። የሚስቅ ተማሪ አልተኛም" አሉኝና ሻይ አዘዙልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ የምንጠጣው ጎን ለጎን ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ድንኳኑ ውስጥ ከወንድሞቼ ጋር እየተነሡ ለቀስተኛ ሲያስቀምጡ የነበሩት እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ጓደኛዬ ናቸው ስል እንዲህ ያለ ጓደኛ ማለቴ ነው።

የፕላዝማው ትምህርት አካሄዱ ይህ ነበር። ደወል ሲደወል አስተማሪው ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ ከዚያ ሥርጭቱ ከአዲስ አበባ በሰዓቱ ይጀምራል፤ ሲያልቅ አስተማሪው ተነሥቶ ለጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። መሐሉ በሙሉ የሴትየዋ ነው። ሴትየዋ የምንላት የሒሳቧን አስተማሪ ነው፤ ንጹሕ፣ ፈገግተኛ፣ እንግሊዝኛዋ የሚፈስ። ሥርጭቱ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። መብራት ከጠፋ ያመለጠው ትምህርት አመለጠ፤ መብራቱ ሲመለስ ሴትየዋ ሌላ ምዕራፍ ላይ ናት። ጥያቄ ትሰጥና ስክሪኑ ጥግ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል። ልጆቻችን ጥያቄውን ደብተራቸው ላይ ገልብጠው ሳይጨርሱ ሰዓቱ ያልቃል። ከዚያ ሴትየዋ ፈገግ ብላ "በጣም ጥሩ፣ ትክክል ናችሁ" ትላቸዋለች፤ ማንም ምንም ሳይሠራ። መጀመሪያ ሰሞን ተማሪው ይስቅ ነበር። በኋላ መሳቁንም ተወው።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ጋሽ ወልዴ ወደ ጠረጴዛዬ መጡ።

"ሰብለ፣ ያንን መቆጣጠሪያ አንዴ አውሺኝ።"

"ሪሞቱን? ምን ሊያደርጉበት?"

"ሴትየዋን ዝም ላሰኛት።"

"ጋሼ፣ ማጥፋት እኮ ክልክል ነው። ሱፐርቫይዘሩ በመስኮት እያየ ነው የሚያልፈው።"

"ማን ያጠፋታል? ትታይ፣ መልኳ ምን አደረገኝ። ድምፁን ብቻ ነው። እሷም እየሠራች፣ እኔም እየሠራሁ።"

ሳቅኩ። መሳቢያውን ከፍቼ ሪሞቱን ሰጠኋቸው፤ ድምፁን የሚያጠፋው ቁልፍ የትኛው እንደሆነም በጣቴ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ በኋላ የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ በመስኮት ለሚያይ ሰው ፕላዝማው በርቶ፣ ሴትየዋ አፏን እያንቀሳቀሰች፣ መምህሩም ከጎን ቆሞ ነው። ውስጥ ግን የሚሰማው የጋሽ ወልዴ ድምፅ ነው። ቃሉን በእንግሊዝኛ ይጠሩታል፣ በአማርኛ ይፈቱታል፣ ልጆቹ ግንባራቸውን ከቋጠሩ ደግሞ በአገሬው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ይመልሱታል። ስሎፕን ያስተማሩት በጎጀብ ቁልቁለት ነው። "አይሱዙው ይህን ያህል ወደፊት ሲሄድ ስንት ይወርዳል? ፍሬን ባይኖረውስ?" ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እኔ የገበያ ካፊኖኖ ነው ያለኝ፤ ዋጋ መጠየቅና ሰው ማመስገን። በኮሪደሩ ሳልፍ ግን የሚሉት ይገባኝ ነበር፣ እኔ ሒሳብ ጠልቼ ያደግኩት ሴትዮ።

ከልጆቹ አንዷን ብቻ ልንገራችሁ፣ ፀሐይነሽን። ፊት ለፊት ትቀመጥ ነበር። ቤቷ ከወንዝ ማዶ ነው፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ዩኒፎርሟን ጠቅልላ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ትሻገርና ማዶ ስትደርስ ትለብሳለች። የእንግሊዝኛ ደብተሯ ላይ "ስትማሪ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ" ለሚለው ጥያቄ የመለሰችው ድልድይ ሠሪ ብላ ነው። አርሜ ኢንጂነር አልኩት። ልጅቷ ትክክል ነበረች፤ የፈለገችው ድልድዩን ነው። ጋሽ ወልዴ የጀመሩትን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ወጥታ የምትጨርሰው እሷ ናት፤ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ከጥቂት ወራት በላይ አልቀረውም ነበርና "ይህቺን ልጅ ፈተናው ላይ አያታለሁ" ይሉ ነበር።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለኝን ልናገር። በእኔ ክፍለ ጊዜ ፕላዝማው በሙሉ ድምፁ ይጮህ ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ የክትትል ቅጹን እሞላለሁ፤ ልጆቹ ክንዳቸው ላይ ተደፍተው ያንቀላፋሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ስወጣ የእኔው የእንግሊዝኛ ተማሪዎች፣ ክፍለ ጊዜ ያልነበራቸው፣ በጋሽ ወልዴ መስኮት ሥር ጭቃው ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ሲያዳምጡ አየሁ። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ብዙ ዓመት ሞክሬያለሁ፤ ቅናት ነው። ያመንኩበት ነገር ሲሸነፍ፣ ያሸነፈውም የወዳጄ ጠመኔ ሲሆን አልወደድኩትም። ማታ ቤቴ ስገባም አንገቴ ላይ ያለው ቁልፍ ይሸክከኝ ነበር።

የዚያን ዘመን ግምገማ የማያውቅ ልጅ ይኖራልና ላስረዳ። መምህሩ ሁሉ በአንድ ክፍል ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ተነሥቶ ግለ ሂስ ያደርጋል፣ ከዚያ ጓደኞቹ ሂስ ይሰጡታል። ሂስ የለኝም ማለት አይቻልም፤ "ተሸፋፍናችኋል" ይባላል። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀው፣ ማንም የማይናገረው አንድ ልማድ ነበረን፤ ዋዜማውን በሻይ ሰዓት ከወዳጅህ ጋር ተቀምጠህ ቀለል ያለ ሂስ ትለዋወጣለህ። ይህን በለኝ፣ እኔ ያንን እልሃለሁ። ቃለ ጉባኤው ይሞላል፣ ማንም አይጎዳም።

"ነገ ምን ትይኛለሽ?" አሉኝ ጋሽ ወልዴ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

"ለሰንደቅ ዓላማ ያረፍዳሉ እልዎታለሁ። እውነት ነው ደግሞ።"

"ጥሩ። እኔ ቶሎ ትቆጣለች እላለሁ። ጠመኔም ትሰስታለች።"

"ጠመኔውን ይተዉት፣ ሰው ይስቅብኛል።"

"እንዲስቁ ነው እንጂ" አሉ።

በማግስቱ መድረክ መሪው ከላይ የተላከ ሰው ነበር፤ ወጣት፣ ኮሌታው የተተኮሰ፣ እስክሪብቶው የማያርፍ። ከግምገማው ውጤት ተነሥቶ በክረምት ዲግሪያቸውን እንዲማሩ የሚላኩ መምህራን ስም እንደሚለይ በመጀመሪያ ነገረን። እኔ ዲፕሎማ ነበረኝ። ዲግሪ የሌለው ሁለተኛ ደረጃ አያስተምርም የሚባል ወሬ ከተማው ውስጥ ይናፈስ ነበር፤ ፍርሃቴ ይህ ነበር። ጋሽ ወልዴ ግለ ሂሳቸውን በአጭሩ ጨርሰው ቆሙ። ከእኔ በፊት የስፖርት አስተማሪው እጁን አወጣና "መምህር ወልደሚካኤል ለሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ያረፍዳሉ" አለ። የእኔን ሂስ ወሰደው። እኔ ስነሣ አማራጭ ፍለጋ አፌን ከፍቼ ቆየሁ።

"እኔም በሰዓት አከባበር በኩል..." ስል መድረክ መሪው አቋረጠኝ።

"ተደጋጋሚ ሂስ አንቀበልም። ሌላ።"

ያኔ ነው ያልኩት። "የፕላዝማውን ድምፅ አልፎ አልፎ ይቀንሳሉ።"

እስክሪብቶው ቆመ። "ይቀንሳሉ ማለት? ያጠፋሉ?"

"አልፎ አልፎ።"

"ድምፁ ጠፍቶ ተማሪው ምን ይሰማል?"

ጋሽ ወልዴ ራሳቸው መለሱ። "እኔን።"

"በምን ቋንቋ?"

"በሚገባቸው።"

ሰውየው ብዙ ጻፈ። ከዚያ ቀና አለና "ሪሞቱ አስተባባሪዋ ዘንድ ይቆለፋል አይደል? ለእርስዎ ማን ሰጠዎት?" አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ አንገቴ ላይ ያለውን ክር አየ። ጋሽ ወልዴ ወደ እኔ እንኳ አልዞሩም። "ራሴ ወሰድኩት፣ መሳቢያዋ ክፍት በነበረ ጊዜ። እሷ አታውቅም" አሉ። የእኔ ተራ ደርሶ ሂስ ስጧት ሲባልም ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ "ቶሎ ትቆጣለች። ጠመኔ ትሰስታለች። ሌላ የለኝም" አሉ። ማንም አልሳቀም።

በቃለ ጉባኤው ላይ የእኔ "አልፎ አልፎ ይቀንሳሉ" የትምህርት ሥርጭቱን ማደናቀፍ ተባለ። በየስብሰባው ስለ ቋንቋ መብት የምንሰማው በዚያው ዓመት ነው፤ ልጆቹን በቋንቋቸው ማስረዳታቸው ግን ጥፋት ሆኖ ተጻፈባቸው። ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ ከቦንጋ ርቆ ደካ አካባቢ ወዳለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲዛወሩ ደብዳቤ ደረሳቸው። እትዬ አስካለ እናታቸው ታመው አልጋ ላይ ስለነበሩ ቦንጋ ቀሩ፤ ጋሽ ወልዴ ብቻቸውን ሄዱ። የሄዱ ዕለት መናኸሪያ አልሸኘኋቸውም። ክፍለ ጊዜ አለኝ አልኩ። ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም፤ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ሰማሁ።

ምትክ የሒሳብ አስተማሪ አልመጣም። ፕላዝማው አለ ተባለ፤ አስተማሪ ቢጎድል ችግር የለውም፣ የተገዛውም ለዚሁ ነው ተባለ። እኔ አስተባባሪ ነኝና ያንን ክፍል እንድጠብቅ ታዘዝኩ። በመጀመሪያው ቀን ሴትየዋ ጀመረች፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ቆጠረ፣ "በጣም ጥሩ" አለች። ፀሐይነሽ እጇን አወጣች።

"መምህርት፣ ይቀንሱልን።"

"ምን ልቀንስ?"

"ድምፁን። ጋሽ ወልዴ ይቀንሱልን ነበር።"

አያችሁ፣ ልጆቹ የሚያስተምራቸው ድምፁ ሲቀነስ የሚመጣው ነገር እንደሆነ ለምደዋል። ቀነስኩላቸው። ስልሳ ምናምን ልጅ እስክሪብቶውን ይዞ ወደ እኔ አየ። ሰሌዳው ዘንድ ሄጄ ጠመኔ አነሣሁ። የምጽፈው አልነበረኝም። ሴትየዋ ከኋላዬ አፏን እያንቀሳቀሰች ነው፤ እኔ ጠመኔውን ይዤ ቆሜያለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፀሐይነሽ አንገቷን ደፋች፤ ለእኔ አፍራ ነው። ድምፁን መልሼ ጨመርኩት።

ፈተናው ደረሰ፣ ውጤት ተለጠፈ። ፀሐይነሽ አላለፈችም፤ ያነሳት ነጥብ ጥቂት ነበር፣ የጎደላትም ሒሳብ ላይ ነው። በቀጣዩ መስከረም ቅዳሜ ገበያ ከእናቷ ጋር ኮረሪማ ስትሸጥ አገኘኋት። "መምህርት" ብላ ከተቀመጠችበት ብድግ አለችልኝ። ኮረሪማ ገዛኋት፣ ያለ ልማዴ ዋጋ ሳልከራከር። የክረምቱን የዲግሪ ዕድል ግን እኔ አግኝቼ ነበር። ጅማ ሄጄ ተምሬ፣ ካባ ለብሼ ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶው ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ አዲሱን ቴሌቪዥን ልሰቅል ብሎ አውርዶታል፤ ወዴት ላድርገው ሲለኝ እንጃ አልኩት።

ፕላዝማዎቹ አንድ በአንድ ሞቱ። አንዱ በመብራት ብልሽት፣ አንዱ ዝናብ ገብቶበት፣ አንዱ ዕቃው ጠፍቶ። የሚጠግን ሰው የለም። የብረት ሳጥኖቹ ውስጥ መጥረጊያና የተሰበረ ወንበር ይቀመጥ ጀመር። አሁን ደግሞ ታብሌት ይመጣል፣ በስልክ መማር ይቻላል ይባላል። ክፉ ነገር ነው አልልም። ልጆቹ ካርቶኑን ሹራባቸውን ሲያለብሱት አይቻለሁና ያንን ተስፋ ልቀልድበት አልችልም። ብቻ አዲስ ነገር መጣ ባሉኝ ቁጥር፣ አስተማሪውን ወዴት ልትልኩት ነው ብዬ መጠየቅ ያምረኛል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈተና ለማስፈተን ደካ ተመደብኩ። መኪናው ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ወርደን ገፍተናል። ጋሽ ወልዴን ያገኘኋቸው ከደካ በእግር የሚያስኬድ ቦታ ላይ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ክፍል ውስጥ አራተኛ ክፍሎችን ማካፈል ሲያስተምሩ ነው። ኮቱ ያው ነው፤ ክርኑ ተጣፍፏል። ከስተዋል፣ ይስላሉ። በመንገድ ሁሉ ይቅርታውን በልቤ እያዘጋጀሁ ነበር የሄድኩት። እሳቸው ገና ጉንጬን ስመው ሳይጨርሱ፣ "ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች? ፀሐይነሽ?" አሉኝ።

"አላለፈችም፣ ጋሼ።"

ወደ መስኮቱ ዞሩ። "ሎጋሪዝም አልደረስንም ነበር" አሉ፤ ለራሳቸው ነው እንጂ ለእኔ አልነበረም።

"ጋሼ፣ ያኔ የተናገርኩት..." አልኩ።

"ተይው እባክሽ። አንቺ ምን ታደርጊ? የማርፈዱን ነገር ያ ስፖርተኛ ቀደመሽ። ተደጋጋሚ አንቀበልም አሉሽ። ሰው ሲጨንቀው አፉ ላይ የመጣውን ነው የሚለው።"

እንዲህ ነበር ያጽናኑኝ። እኔም መጽናናቱን ተቀበልኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ቆሜ ሳስብ አፌ ላይ የመጣ ሌላ ነገር ነበር፤ ኮታቸው ነበር። "አለባበሳቸው ለተማሪ አርአያ አይሆንም" ማለት እችል ነበር። ሁሉም ይስቅ ነበር፣ እሳቸውም ይስቁ ነበር፣ ቃለ ጉባኤውም ይሞላ ነበር። ኮታቸውን እያየሁ ነው ድምፁን የመረጥኩት። መስኮቱ ሥር ጭቃ ላይ የተቀመጡት ተማሪዎቼ ዓይኔ ላይ ነበሩ፤ የዲግሪው ስም ዝርዝርም ነበረ። ይህን ደካ ላይ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ጊዜም ነበረን። "እውነትዎን ነው፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ጡረታ ወጥተው ቦንጋ ከተመለሱ በኋላ ብዙም አልቆዩም። ሳሉ በረታባቸው። በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር፤ ስለ ድሮ ተማሪ፣ ስለ ኑሮ መወደድ፣ ስለ ሌላው ሁሉ እናወራለን። ያንን ነገር አላነሣሁትም። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ እውላለሁ። አንድ ጠዋት እትዬ አስካለ ልጅ ላኩብኝ፣ ስደርስ አልቋል።

ቀብሩ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ከዋጫ የመጡ ዘመዶች፣ ከደካ በመኪና ተጭነው የመጡ ወጣቶች፣ የቀድሞ የአሥረኛ ክፍሎቹ። ፀሐይነሽም ነበረች፣ ልጇን አዝላ። ጸሎቱ ሲያበቃ እትዬ አስካለ ከነጠላቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት።

"የሕይወት ታሪካቸው ነው። ራሳቸው ናቸው የጻፉት፣ አልጋ ላይ ሆነው። ሰብለ ታንብበው ብለዋል።"

የሒሳብ ሰው ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለው። ጀመርኩ። የተወለዱበትን መንደር አነበብኩ፤ የተማሩበትን፤ እትዬ አስካለን ያገቡበትን። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤ "ለብዙ ዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ካስተማሩ በኋላ፣ በራሳቸው ጥያቄ ወደ ደካ ተዛውረው..."

ዓይኔ መስመሩ ላይ ቀረ። ሰዉ ለቅሶ የያዘኝ መስሎት ጠበቀኝ። እትዬ አስካለን አየኋቸው። እንባቸውን እየጠረጉ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ባላቸው ጠይቀው እንደሄዱ ነው የሚያውቁት፣ እናታቸውን እያስታመሙ ያን ሁሉ ዓመት ብቻቸውን የቀሩት ይህንኑ እያመኑ ነው። የስፖርት አስተማሪው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ መሬት መሬቱን ያያል። ወረቀቱን አጥፌ እውነቱን ልናገር የምችልበት ጊዜ ነበር።

"በራሳቸው ጥያቄ" ብዬ አነበብኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣም።

ከኋላ "አልተሰማም፣ መምህርት!" አሉ የድሮ ተማሪዎቻቸው።

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት።